ለወራት ያረፈ ፈረስ ወደ ግልቢያ የሚመለሰው እንዴት ነው?

ጥር በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የፈረስ ወር ነው። በጥምቀት ሰሞን በየሜዳው ጉግስ ይካሄዳል፤ ጥር 23 ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል በአዊ ይከበራል። ያጌጡ ፈረሶች በሕዝብ ፊት ሽምጥ ይጋልባሉ።

ከእነዚህ ፈረሶች መካከል ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ የቆዩ አሉ። በሕመም፣ በቁስል ወይም ጋላቢ በማጣት ለወራት ያለ ሥራ የቆሙም ይኖራሉ። ያረፈ ፈረስ ደልቦና ፀጉሩ አብረቅርቆ ስለሚታይ ብርቱ ይመስላል። ሆኖም መድለብና ለሥራ መብቃት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ያልተገነዘበ ባለቤት በአንድ ቀን ግልቢያ የዓመታት ሀብቱን ሊያጣ ይችላል።

ቀድሞ የሚበረታው፣ ኋላ የሚቀረው

የፈረስ የሰውነት ክፍሎች ለሥራ የሚበቁት በእኩል ፍጥነት አይደለም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይሻሻላሉ። ጡንቻ ወራት ይፈልጋል። ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑ የሚጠነክረው እጅግ በዝግታ ነው። አጥንትም ጫና ሲቀርበት ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ያንን መልሶ ለመገንባት ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

አደጋው የሚደርሰው በዚህ ልዩነት መካከል ነው። ከአንድ ወር ልምምድ በኋላ ፈረሱ ቶሎ አይደክምም፤ ትንፋሹም አይቆራረጥም። ጋላቢው ‘ደርሷል’ ብሎ ልጓሙን ሲለቅለት፣ ልብና ሳንባው የፈቀዱትን ፍጥነት የፊት እግሩ ጅማት ሊሸከመው አይችልም። በሽምጥ ግልቢያ ወቅት ከፊት እግር ቅልጥም በስተጀርባ ያለው ጅማት ሊበጠስ እስከሚቃረብበት ደረጃ ይለጠጣል። አንዴ የተጎዳ ጅማት ለመዳን ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ከዳነ በኋላም ዳግም ለመጎዳት የተጋለጠ ነው።

ከመጀመር በፊት

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰኮናው መከርከም፣ ጥርሱ መታየት፣ የውስጥ ጥገኛ ትላትል መድኃኒትም እንደ አስፈላጊነቱ መሰጠት አለበት። ፈረሱ በእረፍቱ ወቅት ወፍሮ ወይም ከስቶ ሊሆን ስለሚችል የድሮው ኮርቻ ጀርባውን ሊልጠው ይችላል። ስለዚህ ኮርቻው እንደገና ይለካ።

ያረፈው ታሞ ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል። ለምሳሌ በአፍሪካ የፈረስ በሽታ ተይዞ የዳነ ፈረስ ቀላል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት ማረፍ እንዳለበት የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ።

የ16 ሳምንት መንገድ

ከጥቅምት 1 እስከ ጥር 23 ያለው ጊዜ ልክ 16 ሳምንት ነው። ይህ ለብዙ ወራት ላረፈ ጤነኛ ፈረስ ተመጣጣኝ የዝግጅት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሥራው እርምጃ ብቻ ነው፤ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሰዓት ያድጋል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እረፍት ያስፈልጋል።

ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት በእርምጃው መካከል የሁለትና የሦስት ደቂቃ ሶምሶማ ይገባል። ዳገትን በእርምጃ መውጣት ፍጥነት ሳይጨምር ልብንና የኋላ እግር ጡንቻን ያጠነክራል።

ከዘጠነኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሶምሶማው ይረዝማል፤ አጭርና ዝግ ያለ ግልቢያም ይጀመራል። የሽምጥ ግልቢያ ተራ የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ነው፤ እሱም በአጭር ርቀት፣ በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን ሳይበልጥ። አጥንትን የሚያጠነክረውም ረጅም ድካም ሳይሆን እንዲህ ያለ አጭር ፈጣን ሥራ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ርቀት ከተጨመረ ፍጥነትና ዳገት ባሉበት ይቆያሉ።

በእጅ የሚታወቅ ምልክት

ፈረሱ ለቀጣዩ ደረጃ መድረሱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣት ዳስሶ ለ15 ሰከንድ መቁጠርና በአራት ማባዛት የልብ ምቱን ያሳውቃል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ሥራው ካበቃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ምቱ ወደ 60 ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ የዕለቱ ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው።

በየማለዳው ሁለቱን የፊት እግሮች በእጅ መዳሰስም ያስፈልጋል። አንደኛው ከሌላው ከሞቀ ወይም ካበጠ፣ ፈረሱ ባያነክስም እንኳ ግልቢያው ይቁም።

መኖና ውሃ

የፈረስ ዋና ምግብ ሣርና ድርቆሽ ነው። ገብስና ባቄላ የሚጨመሩት ሥራው ሲጨምር ነው፤ ሥራው ሳይጀመር ጥራጥሬ መቆለል ጉልበት አይሆንም። በእረፍት ቀን ሙሉ ጥራጥሬ የተሰጠው ፈረስ በማግሥቱ ሲሠራ የኋላ ጡንቻው ሊደርቅ፣ ሊያልበውና ሽንቱ ሊጠቁር ይችላል። እንዲህ ሲሆን በግድ መንዳት ጉዳቱን ያባብሳል፤ ባለበት አቁሞ ሐኪም መጥራት ይገባል።

በላብ የሚወጣውን ጨው ለመተካት የሚላስ ጨው ማስቀመጥ ይጠቅማል። ያላበው ፈረስ ውሃ መጠጣት የለበትም የሚለው በብዙ አገር የተለመደ እምነት ግን በጥናት አልተደገፈም፤ እንዲያውም ጥማቱን ማራዘም ይጎዳዋል።

የጋሪ ፈረስስ?

ይኸው ሥርዓት ለጋሪ ፈረስም ይሠራል፤ ባዶ ጋሪ፣ ከዚያ ግማሽ ጭነት፣ በመጨረሻ ሙሉ ጭነት። የዕለት ገቢው በፈረሱ ላይ ለተመሠረተ ባለጋሪ ይህ ከባድ ምርጫ ነው። ቀስ እያሉ መመለስ የጥቂት ሳምንታት ገቢን ይቀንሳል፤ የተበጠሰ ጅማት ግን ፈረሱን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ከሥራ ያስወጣዋል።

በዓሉም ቢሆን በየዓመቱ ይመለሳል። 16 ሳምንት ያልተሟላለት ፈረስ ዘንድሮ በእርምጃ ቢሳተፍ፣ ለከርሞው ጥር በሙሉ ጤናው ይደርሳል።