ሰንሰለት ለጋራ ሙለታ

ሐረር፣ አቦከር ያለው ጋራዤ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ መኪና እየጎተተ ነው። ሊገዛ ያሰበውን መኪና ሊያማክረኝ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እንዲህ ያለውን ደንበኛ ነው። መኪናው ከተገዛ በኋላ የመካኒክ ምክር ጸጸት ከመጨመር በቀር ብዙም አይፈይድም።

ሰሞኑን የመጣው ቶሮንቶ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ አብሮ አደጌ ነው። በእናቱ ወገን ጋራ ሙለታ ተራራ ላይ የደረሰችው ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት አለችው። አድሷት ንብ ሊያረባ፣ ዘመድ ሲመጣም ሊያሳርፍባት አስቧል። በበጋ መኪና ቤቷ ደጅ ባይሆንም አጠገቧ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ግን ከታች ካለው ገበያ በላይ ያለው አቀበት ለማንም አይበገርም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጎማ የሌለው፣ በሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት በረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ነው።

«ካናዳ ተራራ ላይ የተሠራ ቤት በክረምት በዚህ ነው የሚደረሰው። በረዶ ያላቆመውን ጭቃ ያቆመዋል?» አለኝ።

«አቦ፣ ጭቃ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረ» አልኩት።

ማሽኑን ለማጣጣል አልነበረም። የዚህ ዘር መኪና ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ እንዲያውም የእኔን የመሰለ ጋራዥ ነው። ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ኩቤክ ውስጥ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ መካኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት ትንሽ ልጁ በጠና ታመመ፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተበት። ሰውዬው ከዚያ በፊትም በረዶ ላይ የሚሄድ ነገር ለመሥራት ይሞክር ነበር፤ በ1937 ሰባት ሰው የሚይዘውን ቢ 7 የተባለ ባለ ሰንሰለት መኪና ለገበያ አወጣ። ሐኪሞችና አምቡላንሶች ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል ነበሩ። ኋላ ባቡርና አውሮፕላን የሠሩት ቦምባርዲየር የሚል ስም ያላቸው ኩባንያዎች ሥራቸው የሚመዘዘው ከዚያ ጋራዥ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ለረዳቶቼ ስነግር መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ደመወዝ ይጠይቁኛል።

ሰንሰለቱ የሚሠራው ሥራ ክብደትን መበተን ነው። ጭነት የያዘ ላንድክሩዘር ጎማው በሚረግጣት በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 2.5 ኪሎ ያህል ያሳርፋል። ይህ ቁጥር ጎማው ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሾፌር አሸዋ ወይም ረግረግ ሲገጥመው ጎማውን የሚያስተነፍሰውም የሚረግጠውን ቦታ ለማስፋት ነው። የስዊድኑ ሃግሉንድ የሠራው ቢቪ 206 ደግሞ ሁለት ፉርጎ የተቀጠለ የሚመስል ባለ ሰንሰለት መኪና ነው፤ ያ ሁሉ ብረት ሆኖ ካሬ ሴንቲሜትሯ ላይ የሚያሳርፈው 0.14 ኪሎ አካባቢ ነው። ቆሞ የሚያወራ ሰው እግር መሬትን የሚጫነው ከዚያ ይበልጣል። ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ ላይ እንዲህ ያለ መኪና ተንሳፍፎ ያልፋል።

የበረዶ ችግሩ መስመጥ ነውና መፍትሔው አለመስመጥ ሆነ። የጋራ ሙለታን ችግር ለማወቅ ግን መንገዱን በእግር መውጣት ነበረብን። በእግሬ ላልሄድኩበት መንገድ መኪና አልመርጥም፤ ይህ ልማዴ ደንበኛ ያሸሸብኛል፣ ግን አልተውኩትም። የላንድክሩዘር ወርድ ያህል፣ 1.8 ሜትር ገደማ፣ የቆረጥኩትን ገመድ ይዤ ከገበያው ጀምሮ ወጣን። መኪና የሚያሰምጥ ለስላሳ መሬት ያገኘነው አንድ ምንጭ ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታና ከሱ ከፍ ብላ ባለች አንዲት ሜዳ ላይ ብቻ ነው። የቀረው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ዝናብ ያለሰለሰው ስስ አፈር አለ። አንዳንድ ቦታ ገመዴ ከጫት እርከኑ ጠርዝ እስከ ገደሉ አልዘረጋ አለ። ደግሞ መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነብላል።

እዚህ ላይ ነው ሰንሰለቱ የሚያስፈራኝ። ጎማ በአግድም ያዘነበለ መሬት ላይ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ የተቦረቦረ የውሃ መስመር ወይም ድንጋይ ያገኝና ይይዛል። ሰንሰለት ግን ረጅምና ጠፍጣፋ በመሆኑ መሬቱን የሚነክስበት ቦታ ካጣ ከፊት እስከ ኋላ ባንዴ ይንሸራተታል። መሪውም ሌላ ጣጣ ነው፤ ብዙው ባለ ሰንሰለት መኪና የሚታጠፈው አንዱን ጎን በመያዝ ወይም በማዘግየት ነው፤ በተያዘው ጎን በኩል ጠርዙን እየፋቀ ይዞራል። ጠርዙ ደግሞ የሰው እርከን ነው። እርከኑን የካበው ገበሬ አንዴ ዝም ቢል ሁለተኛ ዝም አይልም፤ ባይልም እውነት አለው።

የዚያ መኪና የላስቲክ ሰንሰለት ለበረዶ የተሠራ ነው። ስለታም ድንጋይ ይቀደዋል፤ ጠጠር በሰንሰለቱና በሚያሽከረክረው ጥርስ መካከል ሲገባ ደግሞ ሰንሰለቱ ይወልቃል። ይህን ከዶዘር ኦፕሬተሮች በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሰንሰለት የወለቀበት ዶዘር ተዳፋት ላይ ቆሞ ካየህ ኦፕሬተሩን አታናግረው። የብረት ሰንሰለት ቢሆንስ? ድንጋዩን ይችላል፤ ግን ከባድ ነው፣ አስፋልት ያርሳል፣ ስለዚህም ከሐረር ተነስቶ በሎቤድ ተጭኖ መሄድ አለበት። ሎቤዱን ወደዚያ አቀበት የሚያወጣው ሾፌር ካለ አምጡልኝና ጋራዤን ላውርሰው።

እዚህ አገር ሰንሰለትና ተራራ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ማብቂያ ላይ ካራማራን አልፎ ጅጅጋን ለማስለቀቅ ሲታሰብ፣ ፊት ለፊት ያለው መተላለፊያ በጠላት ተይዞ ነበር። ታንክ የያዘው ጦር ተራራውን በስተሰሜን ዞሮ ሲሄድ፣ ቀላል የሆኑት ባለ ሰንሰለት የጦር ተሽከርካሪዎች ሚ 6 በተባሉ ግዙፍ የሶቪየት ሄሊኮፕተሮች ተጭነው ተራራውን በአየር ተሻገሩ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተያዘች። የኔ ጓደኛ ሄሊኮፕተር የለውም።

ባቡሩም ቢሆን የሐረርን አቀበት ሞክሮ አይደለም የተወው፤ ቀድሞ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ አቀበቱ ሲታይ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። ጋራ ሙለታን ደግሞ ሌሎች ለተቃራኒው ምክንያት መርጠውታል። ልጅ ኢያሱ በ1924 ከፍቼ ካመለጡና እንደገና ከተያዙ በኋላ የታሰሩት እዚያ ነው፤ በ1928 እስከሞቱ ድረስም ከዚያ አልወጡም። እኛ ለመድረስ የምንጨነቅበትን ቦታ ያኔ ማንም እንዳይደርስበት ብለው ነው የፈለጉት።

ጓደኛዬ በዚህ ሁሉ አልተረታም። «ደቡብ ዋልታ እንኳ በመኪና የተደረሰው በሰንሰለት ነው» አለ። ልክ ነው፤ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው መናገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 አንታርክቲካን ያቋረጠው የቪቪያን ፉክስ ቡድን ተከር ስኖ ካት የተባሉትን ለበረዶ የተሠሩ መኪኖች ይዞ ነበር። ከሌላኛው ጫፍ መንገድ ሊከፍት የተላከው ኤድመንድ ሂላሪ ግን የያዘው የእርሻ ትራክተር ነው። ፈርጉሰን ትራክተር፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት የተጠመጠመለት። ከፉክስ በፊት ዋልታ የደረሰው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1958። ፉክስ የገባው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ሁለቱ የመጡበት መንገድ እኩል አልነበረም፤ ሂላሪ ያሸነፈው ማሽኑ ስለበለጠ ነው አልልም። እኔን የሚገርመኝ ገበሬ ሁሉ ፈቶ የሚገጥመው ትራክተር እዚያ መድረሱ ነው።

ሐረር ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረት ካቆመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እኛ ከተማ ግን ታክሲ ሆኖ ኖሯል፣ ዛሬም ፈረስ መጋላ ላይ ታገኘዋለህ። መኪናው የማይሞት ሆኖ አይደለም። ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮኑን፣ ባሌስትራውን የሚያውቅ እጅ እዚህ አለ፤ የጠፋውን ዕቃ ከሌላው ገላ የሚያወጣ፣ ያልተገኘውን ቶርኖ ቤት የሚያስቀርጽ። ለዚያ ቀይ የበረዶ መኪና ሰንሰለቱ ቢበጠስ የት ይሄዳል? ዕቃው ከካናዳ እስኪመጣ ክረምቱ ያልቃል፤ መንገዱ ይደርቅና መኪናው የማያስፈልግበት ወር ይገባል። ስለ ጉምሩኩ አላነሳሁበትም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ይህኛው አውቶሞቢል ይሁን ትራክተር ይሁን ማን እንደሚወስን እኔም አንተም መጠበቅ ነው። ቦሎ ሊለጥፍ ሲሄድ መርማሪው የትኛውን ጎማ ያያል?

ታዲያ ምን ይገዛ? ከፍታውን አትርሱ። ሐረር ራሷ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ የጋራ ሙለታ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ሰንሰለት ማሽከርከር ደግሞ ጎማ ከማሽከርከር የበለጠ ጉልበት ይበላል። ያም ሆኖ ከፍታ ብቻውን መኪና አያግድም። ባሌ ውስጥ ሳኔቲን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በረዶ የሚጥልበት ቀን አለ፤ ተራ ላንድክሩዘርና አይሱዙ ግን ይመላለስበታል። ምክንያቱ መንገድ መኖሩ ነው። ሰንሰለት ወደ ተራራችን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ነው፤ ዶዘር ሆኖ መንገዱን ሊከፍት። ከዚያ በኋላ ያለው የጎማ ነው።

ከጫት ነጋዴው ብትማር አልኩት። ጫት ደርቆ ከገበያ የደረሰ ቀን ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ከመኪና አመራረጥ የሚቀልድ ጫት ነጋዴ የለም። ግን ማንም ነጋዴ እርከኑ ድረስ መኪና አያስገባም። ከማሳው በሰው ጀርባና በአህያ መንገድ ዳር ይወጣል፤ ከዚያ ፒክአፕ ይቀበለውና አወዳይ ያደርሰዋል፤ ከአወዳይ አይሱዙው ይከንፋል። እያንዳንዱ የሚሄደው በሚችለው ቦታ ብቻ ነው። አምቡላንሱም እንደዚያው ነው። ምጥ የያዛትን እናት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ያወጣታል፤ ላንድክሩዘሩ ከዚያ ይረከባል። ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ያዘጋጁት ደግሞ ቀኗ የቀረበ ሴት ዝናቡንም ጭቃውንም ቀድማ እንድትገባ ነው። ይህ ከማንኛውም መኪና ይልቅ ያስደንቀኛል፤ መጥፎውን መንገድ በመጥፎው ሰዓት አለመሄድ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነበር። እስከ ገበያው ያገለገለ ላንድክሩዘር፣ ቱርቦ የሌለውን ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፤ ሰነፍ ሞተር ነው፣ ግን ማንም ይጠግነዋል። ለክረምት ሁለት የጎማ ሰንሰለት። ገበያው ላይ ዕቃ የሚያድርባት፣ በቆርቆሮ የተሸፈነች አንዲት መጋዘን። ከዚያ በላይ በቅሎ። ግመል አልመከርኩትም፤ መርገጫው ሰፊ ነው፣ ቆላ ላይ ለአሸዋ የሚስተካከለው የለም፣ እርጥብ ተዳፋት ላይ ግን እግሩ ይከዳዋል። በቅሎ የምትረግጥበትን ድንጋይ ትመርጣለች። ንብ ለሚያረባ ሰው ደግሞ ሌላም ጥቅም አላት፤ ቀፎ መንገጫገጭ አይወድም። በቅሎዎቹንም አትግዛ፣ ካላቸው ሰዎች ተከራይ አልኩት፤ በቅሎ ባለቤቷ በሌለበት ሰው ላይ የምታደርገውን ቶሮንቶ ሆኖ ረስቶታል።

በቅሎውን ተቀበለ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። አሁን የምንከራከረው በዊንች ነው። ላንድክሩዘሩ ፊት ላይ ዊንች ይገጠምልኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ የዊንቹ ዋጋ ምንጩ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ቱቦ ለመቅበርና ድንጋይ ለማንጠፍ ይበቃል፣ ያኔ ጎረቤቶቹም ያልፉበታል፣ እርከኑ የተፋቀበት ገበሬም ይታረቀዋል እላለሁ። ቱቦውን ማን ይጠርገዋል ይለኛል፤ ዊንቹን ማን ይቀባዋል እለዋለሁ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ልነጋገር ብሎ ወጥቷል፤ ዝናቡን ሳይጠብቅ መወሰን አለበት፣ ቱቦ ከሆነ ከሰኔ በፊት መቀበር አለበትና።