ከጉለሌ ወደ ሳላ አገር

ለጉለሌ ልጅ አንበሳ ማለት የስድስት ኪሎው አንበሳ ነው። ከፍርግርጉ ጀርባ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ ትኬት የቆረጠ ሁሉ አይቶት ይመለሳል። ቤተሰብ ተሰባስቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሔራዊ ፓርክ ሊሄድ ሲነሳ ልጆቹ የሚጠይቁትም የታወቀ ነው፦ «አንበሳ አለ?» ወደ አዋሽ ከሆነ መልሱን ከቤት ሳይወጡ መንገር ይሻላል። አለ፤ ግን ቀን ቀን ራሱን አያሳይም። አዋሽ የባለቀንዱ የዱር እንስሳ የሳላ አገር ነው።

አዋሽን ለመጀመሪያ ጉዞ የምመርጠው ከአዲስ አበባ ተነስቶ አስፋልት ሳይለቁ በግማሽ ቀን የሚደረስበት ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ሰሜን የፈሰሰው ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ በጉለሌ በኩል የወረደው ደግሞ ቀጨኔን ይዞ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። ፓርኩ ውስጥ አዞ የሚተኛበት ወንዝ ከልጆቹ ሰፈር የወረደውን ውኃም ይዟል፤ ከነቆሻሻው ጭምር። ውኃው ከዚያም አልፎ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች መንገድ ስለሆነ ሹፌሩ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። መተሐራ ላይ መንገዱ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል፣ በበሰቃ ሐይቅ ዳር ያልፋል። ይህ ሐይቅ የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ከሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኗል። ትንሽ እንደተሄደ የፓርኩ በር ይመጣል። አውራ ጎዳናው ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል፦ በሰሜን 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራና ዘንባባ የከበበው ፍል ውኃ፣ በደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳና ፏፏቴው። አንድ ቀን ብቻ ላለው ደቡቡ ይበቃል።

ሜዳው ከጉለሌ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም ይለያል። መግባት ያለበት በማለዳ ነው፤ ረፋዱ ላይ አራዊቱ ጥላ ፍለጋ ይበታተናሉ። ሳላ ግን አንዳንዴ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይገኛል። ግራጫ ገላ፣ በነጭ ፊቱ ላይ እንደ ልጓም የተሣለ ጥቁር መስመር፣ ወደ ኋላ የተዘረጉ ቀጥ ያሉ ቀንዶች። ከጎን ሲታይ ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። ሴቷም ባለቀንድ ናት፤ እንዲያውም የእሷ ቀጠን ብሎ ይረዝማል። ልጅ «ወንዱ የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ አባት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሳላ በዚያ ፀሐይ እንዴት ይኖራል? ላብ ውኃ ያባክናል። ስለዚህ ውኃ ሲጠማው ከማላብ ይልቅ ሰውነቱ እንዲሞቅ ይተወዋል፤ በሙከራ የተለካ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ አልፎ ለሰዓታት ቆይቷል። ሰው በዚህ ሙቀት ይሞታል። ሳላን የሚያድነው ወደ አንጎሉ የሚወጣው ደም አስቀድሞ በቀጫጭን ሥሮች መረብ ውስጥ ማለፉ ነው፤ በትንፋሹ አፍንጫው ላይ የቀዘቀዘ ደም እዚያው በጎን ሲመለስ ያበርድለታል። ገላው ይግላል፣ አንጎሉ ግን ቀዝቀዝ ይላል። ውኃውንም በአብዛኛው የሚያገኘው ከሚበላው ሣርና ቅጠል ነው።

ሌሎቹን ማየት የዓይን ልምድ ይጠይቃል። እንሹ ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ መሳይ ናት፤ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ አንዷን ያየ ሁለተኛዋን ቁጥቋጦው ሥር ይፈልግ። ከርከሮ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ሲሮጥ ልጆች ይስቃሉ። አምበራይሌ ዓይን አፋር ነው፤ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ካላሳየ ያልፋል። ስለ ወፎቹ ዝም ብል ይሻላል፤ ከ450 ዝርያ በላይ ስለተመዘገበ አንድ ከተጀመረ አያልቅም።

ፏፏቴው አጠገብ ደግሞ የዝንጀሮዎቹን ነገር አለመናገር አይቻልም። ከታች ባለነጭ ጋማው፣ ከላይ ቡናማው ዝንጀሮ ይኖራሉ፤ አዋሽ ላይ ሁለቱ ተገናኝተው ይዳቀላሉ። ተመራማሪዎች ይህን ለማየት ለአሥርተ ዓመታት ተመላልሰዋል። ለቤተሰቡ የሚጠቅመው ምክር ግን ቀላል ነው፦ መስኮት ዝጉ፣ ሙዝ ደብቁ።

ሜዳው ላይ ከብትና ግመልም ይታያል፤ ልጅም «ይሄም የዱር ነው?» ማለቱ አይቀርም። ፓርኩ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ሲከለል መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ከረዩ፣ ኢቱና አፋር ከብት ያሰማሩበት ነበር። በዚያው ዘመን የመተሐራ ሸንኮራ እርሻም የወንዙን ዳር ወሰደ። በድርቅ ጊዜ ከብቱን ወደ ፓርኩ የሚነዳውን እረኛ ሌባ አድርጎ ለልጅ ማሳየት ተገቢ አይመስለኝም፤ ሳላው ግጦሽ ማጣቱም እውነት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች ሳይቀር ነቅንቋል፤ ነዋሪዎችንም አፈናቅሏል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ደውሎ መጠየቅ የግድ ነው።

መኪና ለመከራየት አቅም የሌለው ቤተሰብም ሳፋሪ አይቀርበትም። ጉለሌ ውስጥ 705 ሄክታር ላይ ያረፈው የዕፅዋት ማዕከል የተቋቋመው የአገር ዛፎችን ለመጠበቅ ቢሆንም የምኒልክ ድኩላ ይኖርበታል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የማይገኝ፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ድኩላ። ይህን ለማየት ታክሲ፣ ጃኬትና ዝም ማለት የሚችል ልጅ ይበቃል። ሦስተኛው ትንሽ ያስቸግራል።