ቡችላችሁ ክትባቱን እስኪጨርስ ከሰው ይደበቅ? አይደበቅ!

አዲስ ቡችላ ቤት ሲገባ ምክር ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። የእንስሳት ሐኪሙ «ክትባቱን ሳይጨርስ ከግቢ እንዳይወጣ» ይላል። የሰፈር ሰው ደግሞ «ሰው ካየ ይላመዳል፣ ከተላመደ ጥበቃ አይሆናችሁም፤ ዝጉበት» ይላል። የመጀመሪያው በሽታን ፈርቶ ነው፣ ሁለተኛው ሌባን ፈርቶ። ውጤቱ ግን አንድ ነው፦ ቡችላው ጓሮ ታስሮ ከቤቱ ሰው በቀር ማንንም ሳያይ አራት ወር ይሞላዋል። ከዚያ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ፣ የልጆች ጓደኛ ሲመጣ፣ አክስት ጋቢ ደርባ ስትመጣ «ውሻውን እሰሩት! ኧረ እሰሩት!» የሚባልበት ኑሮ ይጀመራል። ዕድሜ ልኩን።

የሐኪሙን ምክር ሳይጥሱ ይህን ማስቀረት ይቻላል። እንዴት የሚለውን እንይ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ቡችላው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ይጀመራል፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ትንሽ ቆይቶ ይሰጣል። «አንዴ ተወግቶ የለ? መደጋገሙ ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ቡችላው ከእናቱ እንገር ጋር በሽታ ተከላካይ ይጠጣል። ይህ ተከላካይ ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ክትባቱንም ይመክታል። ከደሙ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። አንዱ በ8ኛው ሳምንት፣ ሌላው በ14ኛው ሊሆን ይችላል። የሚደጋገመው አንዱ እንኳ በትክክለኛው ጊዜ እንዲያገኘው ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ቡችላ «ይሄ ሰላም ነው፣ ይሄ አደጋ ነው» እያለ ዓለምን የሚለይበት ዕድሜ አለ። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና ከ12 እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይዘጋል። በ1961 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ቡችሎችን በከፍተኛ አጥር በተከለለ ሜዳ ከነእናታቸው አሳደጉ፣ ሰው እንዳያዩ አደረጉ። ከዚያ በተለያየ ዕድሜያቸው እያወጡ ለአንድ አንድ ሳምንት ከሰው ጋር አዋሏቸው። ቀድመው የወጡት ተላመዱ። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያላዩት ግን ምንም ቢደረግላቸው እንደ አውሬ ከሰው እንደሸሹ ቀሩ።

ሁለቱን ሒሳብ ጎን ለጎን አስቀምጡት። የመላመጃው በር የሚዘጋው የመጨረሻው መርፌ ሳይሰጥ ነው። ስለዚህ «ክትባቱ ይለቅና እናላምደዋለን» ማለት ባቡሩ ከሄደ በኋላ ቲኬት እንደመቁረጥ ነው። አራት ወር የሞላው ውሻ ጭራሽ አይማርም አንልም፤ ይማራል። ግን በ9ኛው ሳምንት በቀናት የሚማረውን ያን ጊዜ ወራት ይፈጅበታል።

«እኛ እኮ ውሻ የምናሳድገው ለጥበቃ ነው» ለሚለውም መልስ አለን። ተዘግቶ ያደገ ውሻ ደፋር ሳይሆን ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ሌባና ጎረቤት አይለይም። ለሁሉም ይጮኻል፣ መሸሻ ሲያጣ ይነክሳል። ሌሊቱን ሙሉ ለድመትም ለነፋስም የሚጮኽ ውሻ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ውሎ አድሮ ጩኸቱን መስማት ያቆማል፤ ሌባ የመጣ ለታም ማንም ከአልጋው አይነሳም። የተላመደ ውሻ ግን የዘወትሩን ስለሚያውቅ፣ ሲጮኽ «ምን መጣ?» ብላችሁ ትወጣላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ በእንስሳት ጠባይ ላይ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ቡችሎች የመጀመሪያውን ክትባትና የትል መድኃኒት ካገኙ ከ7 ቀን በኋላ ወደ ቡችላ ማሠልጠኛ መሄድ ይችላሉ ብሏል። ምክንያቱን ሲገልጽ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ውሾችን በብዛት የሚገድለው ተላላፊ በሽታ ሳይሆን የጠባይ ችግር ነው አለ፤ ባለቤቱ ተማርሮ ይጥለዋል ወይም ያስገድለዋል። በ2013 በአራት የአሜሪካ ከተሞች የተደረገ ጥናትም ማሠልጠኛ የገቡ የተከተቡ ቡችሎች ካልገቡት የበለጠ ለፓርቮ እንዳልተጋለጡ አሳይቷል።

ይህ ምክር ግን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ አይገለበጥም። እዚያ የማሠልጠኛው ወለል ይታጠባል፣ የሚገቡት ቡችሎችም ክትባት ጀምረዋል። እዚህ መንገዱ ላይ ክትባት አይቶ የማያውቅ የሰፈር ውሻ መዓት አለ። ፓርቮ የሚወጣው በሰገራ ነው፤ ሰገራው በዝናብ ታጥቦ ከጠፋ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ እኛ የምንለው ይህን ነው፦ እግሩ የማታውቁትን መሬት አይንካ፤ ዓይኑና ጆሮው ግን ከተማውን ይልመድ።

ለዚህ ደግሞ ዘንቢል የመሰለ ነገር የለም። ከታች አሮጌ ነጠላ አንጥፋችሁ ቡችላውን አስቀምጡትና በር ላይ ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ባጃጅ ሲያልፍ፣ ተማሪዎች ሲጫወቱ፣ ቆራሌው እየተጣራ ሲያልፍ፣ ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው ሲመጣ ይየው። የእኛ አገር ውሻ በጣም የሚጮኸው ማን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ ከዘራ የያዘ፣ ጆንያ የተሸከመ፣ ጃንጥላ የዘረጋ፣ የተከናነበ ሰው ላይ። ክፋት አይደለም፣ በልጅነቱ አላያቸውም። አንድ ነገር ባየ ቁጥር ትንሽ የተቀቀለ ጉበት ወይም ሥጋ ቅመስ በሉት። መኪና ያላችሁ ይዛችሁት ዙሩ።

ግቢ ውስጥ ደግሞ ቡና አለላችሁ። ጎረቤት በተጠራ ቁጥር ቡችላው ጓሮ ከሚታሰር እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ቢሆን በአንድ ወር ውስጥ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ባለ መነጽር፣ ባለ ጢም፣ ሁሉንም ያያል። የሙቀጫው ድምፅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የበዓል ርችትም ያኔ ከተለመደ በኋላ አያስበረግግም። እንግዶች ጫማቸውን በር ላይ ያውልቁ፤ ፓርቮ በጫማ ሶልም ይገባል። በተለይ የሌላ ውሻ ባለቤት ከሆኑ።

ማላመድ ማለት ማስገደድ አይደለም። ቡችላውን አንጠልጥሎ ከእጅ እጅ ማዟዟር፣ «ንካው፣ ምንም አያደርግህም» እያሉ ሕፃን ላይ መጫን የተገላቢጦሹን ያስተምረዋል። ጭራውን ከሸጎጠ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ካዛጋ፣ ጥግ ከፈለገ በቃው ማለት ነው። ራቅ አድርጉት። ራሱ ሲመጣ ነው የሚማረው። በየቀኑ ጆሮውን፣ መዳፉን፣ አፉን ቀስ ብላችሁ ዳስሱለት፤ ነገ ሐኪሙ ሲነካው አይታገልም።

ስለ ሐኪም ካነሳን፣ ክሊኒክ ስትሄዱ መጠበቂያው ወለል ላይ እንዳታስቀምጡት። የታመመ ውሻ ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። ጭናችሁ ላይ ይቆይ።

ሌላ ውሻስ? አንድ ሁለት በቂ ነው፤ የዘመድ ወይም የጓደኛ፣ ጤነኛና ሙሉ የተከተበ፣ ጠባዩ የታወቀ። ግቢያቸው ውስጥ በቅርቡ የታመመ ወይም የሞተ ውሻ ካለ ግን ይቅር። የእናንተም ግቢ ውስጥ ባለፈው ዓመት በፓርቮ የሞተ ውሻ ካለ ያልተከተበ ቡችላ አታስገቡ። ሲሚንቶና ሴራሚክ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ አንድ ሲኒ በረኪና በ30 ሲኒ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይበታል። አፈር ላይ ግን በረኪና ብዙም አይሠራም። እናም «ዓይኑን ገልጧል፣ ውሰዱት» የሚሏችሁን አትስሙ። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር እስከ 8 ሳምንት ቢቆይ፣ ሲነክስ መጠኑን የሚማረው ከእነሱ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ቡችላው ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ ካስመለሰ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው «ነገ እናያለን» አይባልም። ፓርቮ ቡችላን የሚገድለው ፈሳሹን አሟጦ ነው፣ በዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይድረስ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው ነው፤ ብዙ ጊዜ 12 ሳምንት ሲሞላው ይሰጣል። ያ ማለት ግን ከዚያ በታች ያለ ቡችላ አይታመምም ማለት አይደለም። በተለይ ከመንገድ የተነሳ፣ እናቱ የማትታወቅ ቡችላ ልጅ ላይ ጥርሱን ካሳረፈ ወይም ቁስል ከላሰ፣ «ቡችላ ነው፣ ምን ያመጣል» ሳትሉ ቦታውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱት። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ቡችላውንም አትግደሉት፣ አትጣሉትም፤ ለይታችሁ አቆዩትና ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ፣ የሚከታተለው እሱ ነው።