የቃል ክፍተትና የሲ ፕሮግራም፤ የአማርኛ ስም በትእዛዝ መስመር ሲገባ

በምሥራቅ ጎጃም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ስም መርጡለ ማርያም ተብሎ በሁለት ቃል ይጻፋል። አጣብቀው መርጡለማርያም የሚሉ አሉ፤ በጥንቱ ሥርዓት መርጡለ፡ማርያም ብለው ሁለት ነጥብ የሚያስገቡም አይጠፉም። አንባቢ ሦስቱም የአንድ ከተማ ስም መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል፤ ኮምፒዩተር ግን አይረዳም።

አንድ መምህር የተማሪዎችን መዝገብ በቦታ ስም የሚፈልግ አነስተኛ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፈ እንበል። በትእዛዝ መስመር ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ ቀጥሎም መርጡለ ማርያም ብሎ ይጽፋል። በዩኒክስና በሊኑክስ ይህን መስመር በመጀመሪያ የሚቀበለው የመምህሩ ፕሮግራም ሳይሆን ሼል የተባለው ትእዛዝ ተቀባይ ነው። ሼል መስመሩን በባዶ ቦታ እየቆረጠ ክፍሎቹን በተራ ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ መርጡለን በአንደኛው፣ ማርያምን በሁለተኛው ቦታ ያገኛል፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ቦታ ይኑር ወይም አምስት ሊያውቅ አይችልም። ጀማሪዎች ብዙ የሚደክሙት፣ ከደጅ የተቆረጠውን በቤት ውስጥ ስለሚፈልጉ ነው። መፍትሔው ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ማቀፍ ነው፤ ይኸውም በቀጥታው ጥቅስ እንጂ በመጻሕፍታችን በለመድነው « » አይደለም።

ጉዳቱ በሰው ስም ላይ ይብሳል። ስሙ ገብረ ማርያም፣ የአባቱ ስም ወልደ ሚካኤል የሆነ ተማሪ ያለ ጥቅስ ቢገባ፣ ሁለት ቃል ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም የልጁን ስም ገብረ፣ የአባቱን ማርያም ብሎ ይመዘግባል። ገብረ በግዕዝ ሰዋስው ዘርፉን የሚጠብቅ ቃል ነውና ብቻውን ሲቀር ትርጕሙ ይንጠለጠላል። በፈተና ዕለት ስሙ ከዝርዝር ቢታጣ ተጠያቂው ልጁ አይደለም። ስካንኤፍ የተባለው ማንበቢያም ቃል እንዲያነብ ሲታዘዝ በመጀመሪያው ክፍተት ስለሚቆም፣ ሙሉ መስመር የሚያነበውን ኤፍጌትስን መጠቀም፣ በመጨረሻ የሚተወውንም የአዲስ መስመር ምልክት ማንሣት ያስፈልጋል።

ወደ ሁለት ነጥብ እንመለስ። ዴኒስ ሪቺ ሲን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤል ላቦራቶሪ ሲያዘጋጅ ይህ ምልክት በአሳቡ አልነበረም። ኢዝስፔስ የተባለው የክፍተት መለያ በመደበኛ ቅንብሩ የሚያውቀው ስድስት ምልክቶችን ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከፊደላችን ጋር የገባ ሲሆን፣ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 225፣ 141 እና 161 የተባሉ ሦስት ባይቶች አሉት። ስለዚህ መርጡለ፡ማርያም ያለ ጥቅስም ሳይቆረጥ ይደርሳል። የጥንቱ ምልክት ስሙን ከሼል መቁረጫ ማዳኑ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ባዶ ቦታ ካለው መዝገብ ጋር ሲነጻጸር አይገጥምም።

ኢዝስፔስን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ በጭፍን መጠቀም ሌላም አደጋ አለው። የሠ ፊደል የመጨረሻ ባይት 160 ነው፤ በአንዳንድ ቅንብር 160 እንደ ክፍተት ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን ከቃል ጫፍ ክፍተት የሚያነሣ ፕሮግራም ነገሠ ከሚለው ቃል የፊደሉን ሲሶ ይወስዳል። ቢያንስ ባይቱን ምልክት አልባ አድርጎ ማቅረብ ግዴታ ነው፤ አሉታዊ ቁጥር ሲሰጠው የተግባሩ ውጤት አይታወቅምና።

በእኛ አስተያየት የሚሻለው፣ ስሙን እንደ ተጻፈ ማስቀመጥና ለማነጻጸሪያ ብቻ ባዶ ቦታውም ሁለት ነጥቡም የወጡለት ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ያን ጊዜ ሦስቱም አጻጻፎች ይገናኛሉ። ፕሮግራሙ የተረከበውን እያንዳንዱን ቃል በቅንፍ አስገብቶ በመስኮቱ ላይ እንዲያሳይ ቢደረግ፣ በጫፍ የተደበቀው ባዶ ቦታ ወዲያው ይታያል።