ሽፋን… የማንን ገበና?

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ አንድ ቃል ነው፤ «ሽፋን» ስለሚለው። ሲሰሙት ተራ ቃል ይመስላል። ግን ስንቱን ነገር እንደሚሸፍን አስባችሁት ታውቃላችሁ?

ደብተር ሽፋን አለው። ኢንሹራንሱ «ሽፋን እሰጣለሁ» ይላል። ጋዜጠኛውም ለስብሰባው «ሽፋን» ይሰጣል። የጅማ ሰው ደግሞ ስለ ደን ሽፋን ሲወራ ጆሮውን ያቆማል፤ ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነዋ! ሥራ ቀርቶ የጠፋውን ሰው ጓደኛው «አሁን ገና ወጣ» ካለለትም «ሸፈነለት» እንላለን። ቤት ውስጥ ግን ለየነገሩ የራሱ መሸፈኛ አለው፤ ለመሶቡ ክዳን፣ ለምጣዱ አክንባሎ፣ ለድፎ ዳቦው ኮባ፣ ለእሱ ጋቢ፣ ለእሷ ነጠላ።

የሽፋንን ነገር አጥብቆ የሚያውቀው ደግሞ የቡና ገበሬ ነው። በመከር ጊዜ ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ጌራ ወይም ወደ ሊሙ የሄደ ሰው ቀይ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ያያል። ፍሬው ከነሽፋኑ ሲደርቅ ጀንፈል ይባላል። ጤዛና ዝናብ እንዳይነካው ማታ ማታ ይሸፈናል፤ ጠዋት ይገለጣል፣ ይገላበጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ በላስቲክ ጠቅልለው ቢያስቀምጡትስ? ይሻግታላ! ሽታው ሲኒ ድረስ ይከተላል። ያው ሽፋን ማታ ቡናውን ያድነዋል፤ ሳይገለጥ ከከረመ ግን ያበላሸዋል።

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ትዳር ውስጥም የሚሸፈን ነገር አለ፤ ገበና ይባላል።

አጋሮ አካባቢ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት አለች። ባሏ ቡና ነጋዴ ነው። በመታት ቁጥር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ፣ ነጠላዋን ወደ ጉንጯ ጠጋ አድርጋ ገበያ ትወጣለች። ሲጠይቋት መልሷ «በር መታኝ» ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቷ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እኛም እንዲሁ ኖረናል፤ የትዳር ገበና አይወጣም» አሏት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እሳቸውም የተማሩት ይህንኑ ነው። እሷም እሺ ብላ ሸፈነች። በመጨረሻ ክንዷ ተሰብሮ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ «ወድቄ ነው» አለች። የ7 ዓመት ልጇ ግን አጠገቧ ቆማ «አባዬ ነው» አለች።

አበው «ተሸፋፍነው ቢተኙ ገልጦ የሚያይ ጌታ አለ» ይላሉ። እዚህ ቤት ደግሞ ልጅም ታይ ነበር።

ታዲያ ገበና ሁሉ ይዘርገፍ ማለቴ ነው? በፍጹም! የባል ዕዳ፣ የሚስት ሕመም፣ መውለድ አለመቻል፣ የመኝታ ቤት ነገር… ይሄ የቡና ወሬ አይሆንም፤ ይሸፈን። ዱላ ግን ገበና አይደለም፤ ወንጀል ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛውን በኃይል አካሏን ወይም የአእምሮ ጤናዋን የጎዳ ሰው በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች መሠረት እንደሚቀጣ ይናገራል። «ሚስቴ ናት፣ ምን አገባችሁ?» ማለት አያድንም።

ስለዚህ እህቴ፣ «ልሸፍን ወይስ ልግለጥ?» ብለሽ ስትጨነቂ ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፤ ይህ ሽፋን የሚያድነው ማንን ነው? ሁለታችሁንም ከሆነ ሸፍኚ። መቺውን ብቻ ከሆነ ግን ግለጪ። መጀመሪያ ለምታምኛት አንዲት ሰው፣ ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ ንገሪ። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ እውነቱን ተናገሪ፤ የሕክምና ማስረጃው ነገ ፖሊስ ጣቢያም ፍርድ ቤትም ይጠቅምሻል። ሽማግሌ ከገባም «ታረቁ» ከማለቱ በፊት ዱላው መቆሙን ያረጋግጥ።

እናንተም ቡና የምትጣጡ እናቶች፣ ፊቷን ሸፍና የመጣችውን ልጅ «ቻይው» ከምትሏት «ነይ ልጄ፣ ዛሬ እኔ ቤት እደሪ» ብትሏትስ?