ሥራ ፍለጋና የመሳፈሪያ ሒሳብ

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሥራ ፈላጊ ወጣት ጠዋት ሲነሣ ራሱን የሚጠይቀው «ምን ተምሬአለሁ?» ብሎ ሳይሆን «ለመሳፈሪያ የሚሆን አለኝ ወይ?» ብሎ ነው። ቤቱ ጀሞ ወይም የካ አባዶ ነው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ግን ለብዙ ዓመታት የተሰቀሉት መኻል ከተማ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከሁለቱም ሰፈሮች አይደርስም። ስለዚህ በታክሲ ተጋፍቶ ይመጣል፤ የተለጠፈውን ያነባል፤ የማስረጃውን ኮፒ ያስነሣል፤ ማታ ሲመለስ ኪሱ የነገውን መንገድ አይችልም። በማግሥቱ ቤት ቢውል ጎረቤት «ሰነፍ» ይለዋል። ሲቸግረውም በሰፈሩ የተገኘውን የቀን ሥራ ይይዛል፤ ፍለጋውም በዚያው ይቀራል።

አራት ኪሎን የሚያውቅ አንባቢ፥ ጋዜጣ ለጥቂት ደቂቃ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያውን ብቻ አንብበው የሚመልሱትን ወጣቶች ያስታውሳል። ጋዜጣስ ተከራየ፤ መንገዱን በዱቤ የሚሰጥ ግን ማን አለ?

ነገሩን በፈተና ያዩት አሉ። ኢኮኖሚስቱ ግሩም አበበና አምስት ባልደረቦቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባሳተሙት ጥናት፥ ከመኻል ከተማ ርቀው የሚኖሩ የአዲስ አበባ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ክፍል የደርሶ መልስ መሳፈሪያ ተሰጠው፤ ይኸውም ገንዘቡን ራሱ መኻል ከተማ መጥቶ እንዲቀበል ነበር። ሌላው ክፍል ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማረ፤ ተፈትኖም ችሎታውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ሌሎቹ ምንም አልተሰጣቸውም።

በመጀመሪያ ሁለቱም ርዳታዎች ደንበኛ ውል ያለው ሥራ የማግኘትን ዕድል ከፍ አደረጉ። መሳፈሪያው ያንን ያህል መሥራቱ፥ ወጣቱን ቤት ያዋለው ስንፍና አለመሆኑን ለጎረቤት ያስረዳል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የመሳፈሪያው ውጤት ጠፍቶ ተገኘ፤ የሠለጠኑትና የምስክር ወረቀት የያዙት ግን በገቢ በልጠው ታዩ።

በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታክሲው ወጣቱን እስከ ቢሮው በር ያደርሰዋል እንጂ ከአሠሪው ጋር አያስተዋውቀውም። አሠሪ የማያውቀውን ሰው ይፈራል፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ «እኔ አውቀዋለሁ» ያለለትን ይመርጣል። እንዲህ ያለ አፍ የሌለው የደሃ ልጅ፥ ችሎታውን የሚናገርለት ወረቀት እጅግ ያስፈልገዋል። በጥናቱም ይበልጥ የተጠቀሙት አስቀድሞ የሥራ ዕድላቸው የጠበበው ናቸው።

ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ኪሱ ድረስ ይመጣለታል። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ ግርጌ «ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» የሚል ቃል አለ፤ አድራሻውም ብዙ ጊዜ መኻል ከተማ ነው።