አንድ ሰደፍ፣ ሁለት ዓይነት ጥይት፦ የድሮ ጠመንጃና አደን ከዙል እስከ ግቤ ሸለቆ

ከወልቂጤ ተነስቶ በጅማው መንገድ ወደ ግቤ የሚወርድ ሰው ብዙም ሳይርቅ የደጋው እንሰት ይቀርና የቆላ ቁጥቋጦ ይቀበለዋል። እዚያ ጫካ ውስጥ ጅግራ ከእግር ሥር ብድግ ብላ ትበራለች፤ ጥቂት ቆይቶ ድኩላ ከወንዙ ዳር ብቅ ይላል። ጅግራዋን የሚጥላት ብትን እርሳስ ድኩላውን ቢያገኘው አቁስሎ ይሰደዋል እንጂ አይጥለውም። ድኩላውን የሚጥለው ጥይት ደግሞ ጅግራዋን ቢመታት ለድስት የሚሆን ሥጋ አያስተርፍም። ሁለት ጠመንጃ ተሸክሞ ገደል መውጣትና መውረድ የማይታሰብ ነው፤ ቢታሰብም አንዱን አስቀምጦ ሌላውን እስኪያነሱ አውሬው አይጠብቅም።

ለዚህ ችግር የጀርመንና የኦስትሪያ ጠመንጃ ሠሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መላ አበጁለት። በጀርመን ዙል፣ በኦስትሪያ ደግሞ ፈርላኽ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ባለሙያዎች ልሙጥ በርሜልና ውስጡ ጥምዝ ቦይ የተቀረጸበት በርሜል በአንድ ሰደፍ ላይ አጣመሩ። ልሙጡ ብትን እርሳስ ይተኩሳል፤ ባለ ቦዩ ነጠላ ጥይት አሽከርክሮ በቀጥታ ይልካል። ሁለቱ በርሜሎች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ዓይነት በደቡብ አፍሪካ በጣም ስለተወደደ እስከ ዛሬ በኬፕ ስም ይጠራል። በርሜሉ ሦስት የሆነው ደግሞ ድሪሊንግ ይባላል።

ድሪሊንግን ቀረብ ብሎ ላየው ብልሃቱ ያስደንቃል። ሁለቱ የብትን በርሜሎች ከላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ባለ ቦዩ ከሥራቸው መሐል ለመሐል ገብቷል። ጠመንጃው ከወገቡ ታጥፎ ሲከፈት ሦስቱም ማጉረሻ በአንድ ጊዜ ይታያል። ምላጩ ግን ሁለት ብቻ ነው። አዳኙ ከሰደፉ አንገት ላይ ያለችውን ትንሽ መግፊያ በአውራ ጣቱ ወደ ፊት ሲገፋት የፊተኛው ምላጭ ከብትኑ ወደ ነጠላው ጥይት ይዛወራል። በዚያው ቅጽበት ከበርሜሉ ጀርባ ላይ ተኝታ የነበረችው የኋላ ማነጣጠሪያ ብድግ ትላለች። ማነጣጠሪያዋ ከቆመች ጥይት፣ ከተኛች ብትን ነው፤ አዳኙ ዓይኑን ከአውሬው ሳያነሳ የትኛው በርሜል እንደተዘጋጀ ያውቃል።

ይህ ጠመንጃ ለጌቶች መዝናኛ ብቻ የተሠራ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ለሚበሩ አብራሪዎቹ፣ አውሮፕላናቸው ቢወድቅ አድነው እንዲበሉ፣ ሳወር ከተባለው የዙል ፋብሪካ ወደ 2,500 የሚጠጋ ድሪሊንግ አሠርቶ ነበር። ሶቪየቶችም በተራቸው ወደዚሁ አሳብ መጡ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1965 ጠፈርተኞቹ አሌክሲ ሊዮኖቭና ፓቬል ቤልያየቭ ከታሰበላቸው ቦታ ርቀው በኡራል ጫካ በረዶ ውስጥ አረፉ፤ ተኩላና ድብ ባለበት ጫካም ለማደር ተገደዱ። ሊዮኖቭ ከዚያ በኋላ ለጠፈርተኞች የሚሆን መሣሪያ እንዲሠራ ወተወተ። ቲፒ-82 የተባለው ባለ ሦስት በርሜል መሣሪያም እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ከጠፈርተኞቹ ጋር ተጓዘ። ሁለቱ በርሜሎቹ ልሙጥ፣ አንዱ ባለ ቦይ ሲሆን ሰደፉ ሲነቀል ገጀራ ይሆናል።

ወደ ጉራጌ አገር ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ ከአያት የተረፈ ጠመንጃ ሲባል ሰው የሚያስበው የጦር መሣሪያን ነው። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው ለአደን የተሠራ ሳይሆን ከውጭ አገር ጦር ሠራዊት እጅ የወጣ ጠመንጃ ነበርና። ረሚንግተን የተባለው ጠመንጃ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከተሸነፈው የግብፅ ጦር ተማረከ። ንጉሥ ምኒልክ በጅቡቲና በታጁራ በኩል ከአውሮፓ ነጋዴዎች ጠመንጃ ይገዙ ነበር፤ ቅኔውን ትቶ ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጋ ያረጀ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ደርሷል። ከዚያ ውጅግራ፣ ለበንና ምንሽር፣ በኋላም በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤልጅግ ተከታትለው መጡ።

ጉራጌ ይህን ዘመን ከዳር ሆኖ አላየውም። የቀቤናው መሪ ሐሰን እንጃሞ የምኒልክን ጦር የገጠመው ጠመንጃ ያለውና የሌለው በተለየበት በዚያ ጊዜ ነው። በዓድዋ በመድፈኛነታቸው ስማቸው የገነነው፣ ብዙዎች የጉራጌ ተወላጅ የሚሏቸው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ በስተርጅና ጣሊያንን ሲዋጉ በ1929 ዓ.ም. ወድቀዋል። በየቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ጠመንጃ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቤተሰብ እንደ ቅርስ የሚያየውም ስለዚህ ነው።

በጦር ጠመንጃ ማደን ግን ለአውሬውም ለአዳኙም የከበደ ነበር። ውጅግራ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነው። አፉ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በጥቁር ባሩድ ይወረውራል። በተተኮሰ ቁጥር ጭሱ ተኳሹን ይሸፍነዋል፤ ጭሱ እስኪገፈፍ አውሬው ይሙት ይሽሽ አይታወቅም። ሁለተኛ ለመተኮስ ቃታ ስቦ፣ ቀለህ አውጥቶ፣ ከዝናር ሌላ ማጉረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለድኩላና ለጎሽ ጠመንጃ ሲነሳ፣ ለቆቅና ለጅግራ ወጥመድ ይጠመድ ነበር። ጀርመኖች በሦስት በርሜል የፈቱትን ችግር የእኛ አገር አዳኝ በጠመንጃና በወጥመድ ፈታው።

ዛሬ ከእነዚህ አሮጌ መሣሪያዎች አንዱን በእጁ ያገኘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ስለ ጥይቱ ነው። የጥቁር ባሩድ ዘመን ብረት የዛሬውን ባሩድ ግፊት እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም። በአሮጌ ቀለህ ውስጥ አዲስ ባሩድ ሞልቶ መተኮስ ማጉረሻውን ሊያፈነዳው፣ ቃታውንም ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልሰው ይችላል። በተጣመሩት የአደን ጠመንጃዎች ደግሞ አደጋው ይበልጥ ስውር ነው። ብዙዎቹ የድሮ የጀርመን ጠመንጃዎች የብትን ማጉረሻቸው ለ65 ሚሊ ሜትር ጥይት የተለካ ነው፤ በዛሬ ገበያ የተለመደው ግን 70 ነው። ረጅሙ ጥይት ሳይተኮስ ስለሚያጥር ያለ ችግር ይገባል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፉ ተዘርግቶ የበርሜሉን ጉሮሮ ያጠበዋል፤ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። በነጠላው በርሜልም እንዲሁ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈበት የድሮ በርሜል 8.1 ገደማ ለሆነ እርሳስ ተሠርቶ ሳለ፣ በኋላ የመጣው ጥይት 8.2 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን አይለይም፤ በርሜል ለመሰንጠቅ ግን ይበቃል።

ለዚህ ነው በአውሮፓ ጥንታዊ የአደን ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ከጌጡና ከቅርጹ በፊት በርሜሉ ሥር የተመታውን የመንግሥት ፍተሻ ማኅተም የሚያነቡት። መሣሪያው ለጥቁር ባሩድ ብቻ ይሁን ወይም ጭስ ለሌለው ባሩድም ተፈትኖ ይለፍ ከማኅተሙ ይታወቃል። ማኅተሙ ያልተነበበ፣ በርሜሉም በባለሙያ ያልተለካ ጠመንጃ አይተኮስም።

አሁን ደግሞ ወደ ገበሬው ማሳ እንሂድ፤ በጉራጌ አደን ሲነሳ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና። እንሰት የሚተክል ገበሬ ጠላቶቹን በስም ያውቃል፦ ከርከሮ ግንዱን ይገለብጣል፣ ጃርት ሌሊት መጥቶ ሥሩን ይቆፍራል፣ ፍልፈል ከመሬት በታች ሆኖ አምቾ የሚባለውን የእንሰቱን ሥር ይበላል። እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ በአንድ ሌሊት የወደቀ ተክል የዓመታት ድካም ነው። የገበሬው ምሬት እውነተኛ ነው፤ ጠመንጃ ግን መልስ አይሆነውም። ፍልፈልን ጥይት አያገኘውም። ከርከሮን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይበላውም፤ ስለዚህ ቢገደል ለቤት የሚገባ ነገር የለም። የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ በማግስቱ እንጨት ለመልቀም በወጣ ልጅ ላይ ይመጣል። ማሳውን የጠበቁለት አጥር፣ ጉድጓድ፣ ውሻና በጎረቤት ተራ የሚደረግ የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ ለፍልፈልም ወጥመድ።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አደን ጨርሶ አይፈቀድም። በወልቂጤ አቅራቢያ ወደ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ ጉማሬውም ድኩላውም እዚያ የሚኖረው በዚህ ጥበቃ ሥር ነው። ሕጋዊ አደን በኢትዮጵያ አለ፤ በአርሲና በባሌ ተራሮች በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች የውጭ አገር አዳኞች የደጋ አጋዘን ለማደን ከፍተኛ ክፍያ ይከፍላሉ። የሚታደነው ግን በኮታ ነው፤ ሥፍራውም እንስሳውም በፈቃዱ ላይ ይጻፋል። ጠመንጃውን በተመለከተ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ከአባት የተወረሰ መሆኑ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት ስትገቡ ከአያት የቀረ ጠመንጃ ካጋጠማችሁ በማንኛውም ጥይት አትሞክሩት። ጥይት እንዳልጎረሰ የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥላችሁ፤ ፈቃዱን በቅርባችሁ ካለ ፖሊስ ጣቢያ ጠይቁ፤ ጥይት ካለም ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠመንጃው ከማን እንደተገኘ፣ የት እንደዋለ፣ ማን እንደያዘው ጠይቃችሁ ጻፉ። ማቆየት ካልቻላችሁ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ለሙዚየም ስጡት። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከጉራጌ የሚመጣ፣ ባለቤቱና ታሪኩ የታወቀ አንድ ውጅግራ ቢያገኝ፣ ለልጆቻችን ግድግዳ ላይ ከሚዝግ መሣሪያ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።